ከመወልወል በፊት

ለበዓል ዋዜማ የቤት ዕቃን ማጠብና መወልወል ከአባት ከእናት የወረደ ልማድ ነው። የናሱ ትሪ ይታሻል፤ የመዳቡ ማንቆርቆሪያ ይጠራል፤ ሕፃናትም ፊታቸውን በትሪው ላይ እያዩ ይሣሣቃሉ። ልማዱ በጎ ነው። ነገር ግን በናስ ላይ የሠለጠነ እጅ፥ ሌላ ማዕድን ባገኘ ቁጥር ያንኑ አመድ፥ ያንኑ ሎሚና ያንኑ አሸዋ ይዞ ሲነሣ የሚያጠፋው ከሚያለማው ይበልጣል። ማጥራት ማለት ከዕቃው ገጽ ላይ ጥቂት መግፈፍ ማለት ነውና፥ የሚገፈፈው እድፉ ብቻ ነው ወይስ ዕቃው ራሱ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በዚህ በመካነ ሰላምና በአካባቢው የቦረና ደጋ፥ በየግቢው ቆመው የቀሩ አሮጌ መኪናዎችን አድሰው ዳግም ለመንዳት የሚጣጣሩ ወጣቶችን ማየታችን ነው። ለዚህም ትጋታቸው ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ትናንት ለቁራሌው በሚዛን ሊሸጥ የነበረው አሮጌ መኪና ዛሬ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ የሚያስብበት ንብረት ሆኗል።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ይሠሩ የነበሩት መኪናዎች ፋኖሳቸውና የራዲያተራቸው ልባስ ብዙውን ጊዜ ናስ ስለ ነበረ፥ የባለ መኪና አሽከር ሥራ ግማሹ መወልወል ነበር። በኋላ ናሱ በኒኬል ይለበጥ ጀመር፤ ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ክሮም የኒኬሉን ፊት ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ማዕድን እንደ ሽንኩርት ልጣፍ በልጣፍ ላይ የተደራረበ ሆነ፤ አንዱን ልጣፍ የሚጠቅመው መድኃኒት ሌላውን ይበላዋል።

ድቁና በምንማርበት በልጅነታችን ወራት ጽናውንና ጸናጽሉን ለበዓል የምናጠራ እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። ሎሚ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የተነፋ አመድ በጨርቅ ይያዛል፤ ናሱ ታሽቶ በብዙ ውኃ ይታጠብና ወዲያው ይደርቃል። የደብሩ ገበዝ ግን ሁለት ነገር አጥብቀው ይከለክሉን ነበር። አንደኛ፥ አሸዋ ከንዋየ ቅድሳት አጠገብ እንዳይደርስ፤ ሁለተኛ፥ በወርቅ የተለበጠውን የመዳብ መስቀል ከደረቅ ጥጥ በቀር በምንም እንዳንነካው። የመስቀሉን ሐረግ በጣታቸው እየተከተሉ፥ በአንድ ወገን ሥዕሉ ደብዝዞ የጠፋበትን ስፍራ ያሳዩን ነበር። የጠፋው በጠላት እጅ አልነበረም፤ ከእኛ በፊት በነበሩ ትጉሃን ተማሪዎች እጅ ነው።

የዘመናዊውን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ስንማር የገበዙ ትእዛዝ ምክንያት ተገለጠልን። ናስ መዳብና ዚንክ የተዋሐዱበት ነው። መዳቡ ከአየር ጋራ ተገናኝቶ የሚያበጀውን የጠቆረ ገጽ የሎሚው አሲድ ያሟሟዋል፤ አመዱም በደቃቅነቱ ይፍቀዋል። አሸዋ ግን ከናስ ይጠነክራልና እድፉንም ናሱንም ሳይለይ ይቧጭራል። ወርቅ ደግሞ በአየር አይጠቁርም፤ ከላዩ ያለው ትቢያ ብቻ ስለሆነ፥ ሲፈገፍጉት የሚለቀው ልባጡ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። በሠፈራችን የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አለች። ሟቹ በሕይወት ሳለ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛው ላንድሮቨር ነበረው፤ በዚህም መኪና ወደ አቀስታ እህል ሲጭን፥ በወሊድ የተጨነቁትን ሴቶች በሌሊት ወደ ሐኪም ሲያደርስ አያሌ ዓመት ኖሯል። ከሞተ በኋላ መኪናው በባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ቀረ። ሦስቱ ወንዶች ልጆች ለአባታቸው ሙት ዓመት ተሰብስበው ሳለ መኪናውን እናድስ ብለው ተስማሙና፥ ታላቁ ከአዲስ አበባ በመሰርሰሪያ ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ይዞ መጣ። እናቲቱም ወደ እኛ ሰው ላከች። በደረስን ጊዜ፥

«መምህር፥ እርስዎ ይዩልኝ እንጂ» አለችን። «እነዚህ ልጆች አባታቸውን ሊያከብሩ ተነሥተው መኪናውን እንዳይጨርሱብኝ ፈራሁ።»

ትንሹ ልጅ ደግሞ በደስታ እየፈጠነ፥ «ጋሼ፥ በሦስት ቀን ውስጥ እንደ መስተዋት እናደርገዋለን» አለን።

እኛም ከሁሉ አስቀድሞ ሊብሬው እንዲወጣ ጠየቅን። ልጆቹ ተገረሙ፤ ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ማንም እንደሚያውቀው በሊብሬው ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል። መርማሪው በመኪናው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ካላስተያየ ቦሎ አይሰጥም፤ ስም ማዛወርም አይቻልም። በዚህ ዓይነቱ አሮጌ ላንድሮቨር የሻንሲው ቁጥር የተመታው በቀኝ በኩል፥ በፊተኛው ባሌስትራ ማንጠልጠያ ላይ ነው። ቦታው ጭቃና ውኃ የሚረጭበት በመሆኑ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ታላቁ ልጅ የሽቦ ብሩሹን የጀመረው ከጣሪያው ጠርዝ ሲሆን፥ ቀጥሎ ሊሄድ ያሰበው ግን ወደዚሁ ስፍራ ነበር። የብረት ዝገት ከብረቱ ራሱ የተሠራ እንጂ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ አይደለም፤ ቁጥሩ በተመታበት ስፍራ ግማሹ ብረት ወደ ዝገት ተለውጦ ከሆነ፥ የሚሽከረከር ብሩሽ የቀረችውን ጥልቀት በደቂቃ ውስጥ ደልድሎ ያጠፋታል። ያን ጊዜ እናቲቱ በእጅዋ የሚቀረው መኪና ሳይሆን ኪሎው የሚቆጠር ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ስለዚህ ብሩሹን አስቀምጠን ስፍራውን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለን አሳደርነው። በማግሥቱ የለሰለሰውን ቅርፊት በቀርከሃ ስንጥር ቀስ እያልን አነሣን፤ ቀርከሃ ከብረት ስለሚለሰልስ ቁጥሩን አይጎዳውም። ከዚያ በሳሙና ውኃ ታጥቦ በደረቀ ጊዜ ከትምህርት ቤት የያዝነውን ጠመኔ አሸንበትና ገጹን በመዳፋችን ጠረግነው። ጠመኔው በተቀረጸው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ቁጥሮቹ ነጭ ሆነው ታዩ። አንዲቱ ቁጥር 3 ትሁን 8 አጠራጥራ ነበር፤ ስስ ወረቀት አስደግፈን በእርሳስ ብናሻው 8 መሆንዋ ተለየ። ሊብሬው የያዘውም ይህንኑ ነው። እናቲቱ ከጎናችን ቆማ ቁጥሩን አንድ በአንድ ስታስነብብ ከቆየች በኋላ ሊብሬውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው።

ከቁጥሩ በኋላ የጣሪያው ጠርዝ ነገር ተነሣ። ታላቁ ልጅ በብሩሹ የጀመረው የጎኑን ጠርዝ የሚሸፍነውን ግራጫ ብረት ነበር፤ አንድ ክንድ ያህል አስኪዶት ብረቱ በራ፥ እርሱም ደስ አለው። ነገር ግን ያ ግራጫ መልክ እድፍ አልነበረም። ብረቱ እንዳይዝግ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የለበሰው ልብስ ነው። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ውኃ በገባ ጊዜ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል፥ ብረቱም እስከዚያ ድረስ ይድናል። ልጁ ያበራው ብረት ጠባቂው የተገፈፈለት ነበርና በሳምንቱ ከአንድ ዝናብ በኋላ ቀልቶ አገኘነው። ዚንክ ያለበት ቀለም ተገኝቶ እስኪቀባ ድረስ በግራሶ ሸፈነው።

የመኪናው ገላ ግን ሌላ ነው። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ትርኢት ላይ በመጀመሪያ ሲታይ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ የአረብ ብረት እጦት ላይ ነበረች፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ገላውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ አበጁት። በእጦት የተመረጠው ማዕድን በጎ ሆኖ ተገኘና አሠራሩ እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. ድረስ፥ የቀድሞው ዓይነት ሥራው እስኪቋረጥ፥ ጸንቶ ቆየ። አሉሚኒየም አየር በነካው ቅጽበት ስስና ጥብቅ ሽፋን ራሱ ያበጃል፤ ይህም ሽፋን እንደ ብረት ዝገት እየተቀረፈ አይወድቅም፥ የውስጡን ይጠብቃል እንጂ። የደበዘዘ መልኩ ጤናው ነው ማለት ነው። የአሉሚኒየም ጠላቱ ሁለት ነው። አንደኛው የአረብ ብረት ጎረቤቱ ነው፤ ሁለቱ ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ተበልቶ በቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ይሆናል። በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ቁስል አብጦ የሚታየው ይህ ነው። ሁለተኛው ጠላቱ አመድ ነው።

ይህ ሁለተኛው ለእኛ ሰው ስለሚከብደው በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን በዐይናቸው አሳይተናል። የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት ቁራጭ ወስደን፥ ተጣርቶ በጠነከረ ትኩስ የአመድ ውኃ ውስጥ ጨመርነው። ጥቂት ቆይቶ ከቁራጩ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ይወጣ ጀመር። አረፋው ሃይድሮጂን ነው፤ አሉሚኒየሙም እየሟሟ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቹ አንዱ እናቱን ድስት በአመድ አትጠቢ ብሎ አስቸግሯል ሲባል ሰምተናል። እናትየው በአመድ ቶሎ አጥባ ቶሎ የምታለቀልቅ ከሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው። የመኪና በር ግን በአመድ ውኃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ቢያድር ገጹ ይሻክራል። ለአሉሚኒየም ገላ ለስላሳ ሳሙና፥ ብዙ ውኃና የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ታላቁ ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ በአዲስ አበባ ስላለችው የራሱ ቮልስዋገን ጠየቀን። ቮልስዋገን በአገራችን ስንት ታሪክ እንዳላት የታወቀ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚች መኪና ነው። በዓለምም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻይቱ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ወጣች። የልጁ ጭንቀት የፓራውልቱ ክሮም ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች መውጣታቸው ነበር። በአንድ ጋራዥ ሠራተኛ ምክር በብረት ሱፍ ሊፍቀው ነበር።

ፓራውልት አረብ ብረት ነው፤ ከላዩ ኒኬል፥ አንዳንድ ጊዜም ከኒኬሉ በታች መዳብ ይለበጣል፤ በስተመጨረሻ ክሮም ይደረብበታል። ይህ የላይኛው ክሮም ብዙውን ጊዜ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ ከራስ ጠጉር ጋራ ቢመዛዘን ጠጉሩ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። ብርሃኑ በአብዛኛው የኒኬሉ ነው፤ ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝ የሚጠብቅ መጋረጃ ነው። ቀዩ ነጠብጣብ የሚወጣው በልጣፎቹ ውስጥ ባለች ቀዳዳ ውኃ ከአረብ ብረቱ ደርሶ ስለሆነ፥ በብረት ሱፍ ሲፈገፈግ ቀዳዳይቱ ትሰፋለች።

ሻል ያለው ዘዴ የአሉሚኒየም ወረቀት ነው። የቸኮላታ መጠቅለያ ወይም በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ይሆናል፤ የምንመክረው ወረቀቱን ነው እንጂ ሲጋራውን አይደለም። ወረቀቱ ተጨማድዶ ውኃ ይነከርና በነጠብጣቡ ላይ በቀስታ ይታሻል። አሉሚኒየም ከክሮም እጅግ ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም፤ ዝገቱን ግን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ሰም ይቀባል። ቀዳዳይቱ አትደፈንም፤ ነጠብጣቡም ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም እንደ ገና ይታሻል። ይህን ለማይወድ ሰው የቀረው መንገድ ልጣፉን ሁሉ ገፎ እንደ ገና ማስለበጥ ነው። ይህ ሥራ የሚሠራበት የክሮም አሲድ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠሩበት አግዷል። በጓሮ የሚሞከር ነገር አይደለም። ክሮም ያለበትን ዕቃም በደረቁ በሞተር መፋቅ ሳንባን መመረዝ ነው።

ንጹሕ ብረት የሆኑትን፥ ማለት መጋጠሚያዎቹን፥ ማጠፊያዎቹንና የክሪኩን ዕቃ፥ ከልጆቹ ጋራ በኤሌክትሪክ አጠራናቸው። ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ሞልተን ጥቂት እፍኝ የልብስ ሶዳ አሟሟንበት። የዛገውን ዕቃ በሽቦ አንጠልጥለን ከባትሪ መሙያው ነጌቲቭ ጋራ፥ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋራ አገናኘን፤ ሁለቱ በውኃው ውስጥ እንዳይነካኩ አራራቅናቸው። ሌሊቱን ከአረፋ ጋራ አደረ፤ በእርግጥ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። በጠዋት ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ተለውጦ በሳሙናና በብሩሽ ለቀቀ፤ ብረቱ ራሱ አንዳች አልጎደለበትም፤ የሠሪው ማኅተምና የጥርሱ ስፌት እንዳለ ተገኘ። ጥንቃቄ አለው። አረፋው የሚቀጣጠል ጋዝ ነውና ሥራው በደጅ ይሠራል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት መስመሩ ይነቀላል። በፖዘቲቭ በኩል የማይዝግ ብረት አይደረግም፤ ያው የክሮም መርዝ ወደ ውኃው ይወጣልና። ሞላና ባሌስትራም አይነከሩም፤ ጋዙ ወደ ብረቱ ገብቶ ያሰባብራቸዋል። አሉሚኒየምና ዚንክ የለበሰ ዕቃም በዚህ ውኃ ውስጥ ቦታ የለውም። የወጣው ዕቃ ደግሞ ወዲያው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደ ገና ይቀላል።

መካከለኛው ልጅ በዚህ ሥራ መካከል አንድ ጥያቄ አነሣ። ሁሉም ማዕድን ገጹ መለወጡ ካልቀረ ከናሱ በቀር ምኑን እናጠራለን አለን። እኛም ከመካነ ሰላም በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ያለችውን መቅደላን አስታወስነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስፈሰሱትና በ1860 ዓ.ም. ሰው እየጎተተው ወደ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል የሚመዝን ነሐስ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአምባው ላይ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት ኖሯል። ብረት ቢሆን ኖሮ ውኃ እየቀረፈ ባጎደለው ነበር፤ የነሐሱ ጠይምና አረንጓዴ ገጽ ግን ከነሐሱ ጋራ የተጣበቀ ልብስ ሆኖለታል። አንድ ጊዜ ተማሪዎች ስለ ሴባስቶፖል ስናስተምራቸው ለምን ተወልውሎ አያበራም ብለውናል። ቢወለወል ለአንድ ሰሞን እንደ አዲስ ትሪ ያበራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ይጠቁራል፥ ከገጹም ጥቂት ይጎድላል። እንዲህ ያለውን ነሐስ ለመወልወል የሚነሣ ሰው ቢመጣ የአገሩ ሰው ሊከለክለው ይገባል ብለን እናምናለን።

በላንድሮቨሩ ላይ የቀረው ሥራ ጥቂት አይደለም። ከመሪው ፊት ያለችውን የጽሑፍ ሰሌዳ ልጆቹ በብራሶ ሊያሹዋት ፈልገው ነበር፤ በፊደሉ ውስጥ ያለው ቀለም አብሮ ስለሚለቅ በሳሙና ውኃ ብቻ ታጠበች። የሾፌሩ በር እጀታ አባትየው ለዓመታት በያዘበት በኩል ቀለሙ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ እናቲቱ እርሱን አትንኩብኝ ስላለች እንዳለ ቀረ። የራዲያተሩን የናስ ክዳን ለትንሹ ልጅ ሰጠነውና በሎሚና በአመድ እንደ ልቡ ወለወለው፤ እውነትም መስተዋት ሆነ።

ከባዱ የኋላው አግዳሚ ብረት ነው። በውስጡ ጭቃ ተጠራቅሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለ በላው በመዶሻ ሲመታ ድምፁ የካርቶን ነው፤ ተቆርጦ በሌላ መበየድ አለበት። የላሜራው ሠራተኛ ከደሴ የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅ ነው ብሏል። እስከዚያ ድረስ ሻንሲው በናፍጣ የቀጠነ ግራሶ ተቀብቶ፥ የበሮቹ የታችኛ ቀዳዳዎች ውኃ እንዲያወጡ ተከፍተው፥ መኪናው ከባሕር ዛፉ ሥር ወጥቶ በአራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።